ከማርኩ ጎን የምትጻፍ አንዲት መስመር

በዲፓርትመንታችን ስለ በራስ መተማመን ሲነሳ ብዙውን ጊዜ ጣታችንን የምንቀስረው ወደ ተማሪው ነው። “ይድፈር፣ ይናገር፣ አይፈር” እንላለን። ምክሩ ክፉ አይደለም። ነገር ግን መተማመን ከራስ ብቻ የሚመነጭ ቢሆን ኖሮ በሁለተኛ ደረጃ ከክፍሉ አንደኛ ይወጣ የነበረ ልጅ ግቢ በገባ በሁለተኛው ወር እጁን ማውጣት ለምን ይተዋል? ልጁ ያው ልጅ ነው፤ የተለወጠው ዙሪያው ያለው ሰው ነው።

እንዴት እንደሚተው ደግሞ ሁላችንም አይተናል። ከገጠር ወረዳ የመጣ ልጅ ፕሬዘንቴሽን ሊያቀርብ ይቆማል። አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ታደናቅፈዋለች፤ ከኋላ ወንበር ሳቅ ይሰማል። የሳቀው ሰው ከክፍል ሲወጣ ይረሳዋል፣ “ቀልድ ነው እኮ” ይላል። ልጁ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ መልሱን እያወቀ ዝም ይላል። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነውማ ዶርም ውስጥም ይሳቅበታል። በእኔ ግምት “ሰነፍ” ከምንላቸው ውስጥ ቀላል የማይባሉት ሰነፎች ሳይሆኑ የተሳቀባቸው ናቸው።

ይህን የሚጠግነው፣ እንደ እኔ እምነት፣ ያልተጠበቀ ደግነት ነው። “ያልተጠበቀ” ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እናት ልጇን “ጎበዝ” ብትለው ደስ ይላል፤ ግን እናት ሌላ ምን ልትል ኖሯል? ምንም ግዴታ የሌለበት ሰው፣ ለምሳሌ ስማችንን በቅጡ የማያውቅ መምህር ወይም ከሌላ ባች የመጣ ተማሪ፣ ጊዜውን ሰጥቶ ሥራችንን ሲያይልን ግን ነገሩ ሌላ ነው። “ይኼ ሰው ምን አስገደደው?” ብሎ የሚያስብ ወጣት የሚያገኘው መልስ “አንድ የሚረባ ነገር አይቶብኝ ነው” የሚል ነው።

የፈረንሳይኛው ደራሲ አልቤር ካሙ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። አባቱ እ.ኤ.አ. በ1914 በጦርነት ሲሞት እሱ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። በአልጀርስ ድሃ ሰፈር አደገ፤ እናቱ ሰው ቤት እያጸዳች ነበር የምትኖረው። አያቱ ቶሎ ሥራ ይዞ ቤቱን እንዲደጉም ትፈልግ ነበር። የአንደኛ ደረጃ መምህሩ ሉዊ ዠርማን ግን ያለ ክፍያ ተጨማሪ ትምህርት ሰጠው፤ ቤት ድረስ ሄዶም አያቱን አግባባ፤ ለነፃ ትምህርት ፈተናም አስቀመጠው። ካሙ እ.ኤ.አ. በ1957 የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ሲያገኝ ለዚያ መምህር ደብዳቤ ጻፈለት፤ ከእናቱ ቀጥሎ ያሰበው እሱን እንደሆነ ነገረው። እኔን የሚገርመኝ የደብዳቤው ውበት አይደለም። ዠርማን ልጁን “አይ የድሃ ልጅ” ብሎ ከንፈር አልመጠጠለትም፤ ከባድ ፈተና ፊት ነው ያስቀመጠው።

ደግነትና ርኅራኄ የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው። “ያሳዝናል፣ ሲ ስጡት” ማለት ለጊዜው ያስተነፍሳል እንጂ ልጁን አያቆመውም፤ ውስጥ ውስጡን “አትችልም” ብሎታልና። ባዶ “አንበሳ ነህ!”ም ብዙ አያራምድም፤ ወጣት ውሸት ያሸታል።

እ.ኤ.አ. በ2014 ዴቪድ ዬገርና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ ያሳያል። የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች የጻፉት ድርሰት ከነእርማቱ ሲመለስላቸው አንዲት ብጣሽ ማስታወሻ ተያይዛበት ነበር። የግማሾቹ ማስታወሻ እርማቱ አስተያየት እንዲሆናቸው መሰጠቱን ብቻ ይገልጻል። የሌሎቹ ደግሞ መምህሩ ብዙ እንደሚጠብቅባቸውና እንደሚደርሱበት ስለሚያውቅ እንዳረመላቸው ይናገራል። ከጥቁር ተማሪዎች መካከል ተራውን ማስታወሻ ካገኙት ድርሰቱን አሻሽለው የመለሱት ከመቶ 17 ያህሉ ሲሆኑ፣ ሁለተኛውን ካገኙት ግን ከመቶ 70 በላይ ሆኑ። ጥናቱ የተደረገው በጥቂት ተማሪዎች ላይ ስለሆነ ቁጥሩን እንደ ወንጌል አንያዘው። ቢሆንም ልብ በሉ፣ እርማቱ አልቀለለም፣ ማርክም አልተጨመረም።

ወደ እኛ ስንመጣ አሳይመንት የሚመለሰው 6/10 ተብሎ ነው፤ ጭራሽ የማይመለስም አለ። መምህራኖቻችን “በሴክሽን ስልሳ ተማሪ ይዘን የምን ደብዳቤ?” ቢሉ አልፈርድባቸውም። እኔ ግን የምጠይቀው ደብዳቤ ሳይሆን በሴሚስተር አንዴ፣ ለዝምተኞቹ፣ አንዲት የምር መስመር ነው። ሰጪው እንደ ቀላል ነገር የሚያያት መስመር ለተቀባዩ ቀላል አይደለችም። አሚት ኩማርና ኒኮላስ ኤፕሊ የተባሉ አጥኚዎችም ትንሽ ደግነት የሚያደርግ ሰው ተቀባዩ ምን ያህል እንደሚደሰት አሳንሶ እንደሚገምት አሳይተዋል።

ሁሉንም በመምህራን ላይ መጫን ግን አይገባም፤ ሳቁ የመጣው ከእኛ ወንበር ነው። አዲስ ተማሪ ሲመጣ መናኸሪያ ድረስ ወጥተን ሻንጣ የምንሸከም ሰዎች ነን፤ ሻንጣው ዶርም ከገባ በኋላ ግን ዞር ብለን አናያቸውም። ስለዚህ ሐሳብ ላቅርብ። የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የመጀመሪያ ፕሬዘንቴሽናቸውን በሚያቀርቡበት ሳምንት፣ መምህሩን አስፈቅደን፣ ከሦስተኛ ዓመት ሁለት ሁለት ሰው ፊት ወንበር ላይ ብንቀመጥና ለእያንዳንዱ አቅራቢ ስለ ርዕሱ አንድ ጥያቄ ብንጠይቀውስ? ለማጥመድ ሳይሆን፣ መልሱን ከእሱ ለመስማት ፈልገን። ፈቃደኛ የሆነ ስሙን ለክፍል ተጠሪው ይስጥ።