እኔ ሳልኖር ማን ያየዋል?

ልጅ ያድጋል፣ ይማራል፣ ጎጆ ይወጣል። ስለ ልጅ ስናስብ አሳባችን የሚሄደው በዚህ መንገድ ነው። 30 ዓመት ሞልቶት ጫማውን እናቱ የምታስርለት ልጅ ግን አለ። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ልጅ እናት ስትተኛም ስትነሣም አንድ ጥያቄ አላት፤ «እኔ ሳልኖር ማን ያየዋል?» «ከእርሱ በኋላ አንድ ቀን ብቻ አኑረኝ» ብላ የምትጸልይም አለች። ጸሎቷን ማንም አይነቅፍባትም። ይሁን እንጂ ብዙውን ጊዜ ልጅ ከወላጅ በኋላ ይቀራልና ጥያቄው መልስ ይፈልጋል።

አገር ቤት መልሱ ዘመድ ነው፤ እኅት፣ አክስት፣ አንዳንዴም ጎረቤት። እንግሊዝ አገር ለሚኖሩ ወገኖቻችን ግን ዘመድ ሩቅ ነው። በዚያ «ሰፖርትድ ሊቪንግ» የሚባል አሠራር አለ። ከወገኖቻችን መካከል በዚሁ ሥራ የተሰማሩም ስላሉ የዛሬው ጽሑፋችን ለወላጆችም ለእነርሱም ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሰውዬው ቤት በራሱ ስም ይከራያል፤ ብቻውን ወይም ከጥቂት ሰዎች ጋር ይኖራል። ረዳቶቹ የሚመጡት ከአከራዩ ሳይሆን ከሌላ ድርጅት ነው፤ እንደ ፍላጎቱ በቀን ጥቂት ሰዓት ወይም ቀንና ሌሊት። ኪራዩ በአብዛኛው በመንግሥት የቤት ኪራይ ድጎማ ይሸፈናል። የረዳቶቹን ወጪ ደግሞ ካውንስሉ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የእንክብካቤ ሕግ መሠረት ፍላጎቱን መዝኖ ይከፍላል፤ ገቢው ታይቶ የተወሰነውን ራሱ ሊያዋጣ ይችላል።

የወላጅ ፍርሃት ከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 ቢቢሲ በብሪስቶል አቅራቢያ ዊንተርቦርን ቪው በተባለ የግል ሆስፒታል በድብቅ ካሜራ የቀረጸውን ለሕዝብ አሳየ። ሠራተኞች ራሳቸውን መከላከል የማይችሉ ሰዎችን ሲመቱ፣ መሬት ላይ ሲጥሉ፣ ሲሣለቁባቸው ታየ። 11 ሰዎች ተፈረደባቸው፤ 6ቱ ወኅኒ ወረዱ። ለአንድ ታካሚ በሳምንት በአማካይ 3,500 ፓውንድ ይከፈል ስለ ነበር ጉዳዩ የገንዘብ እጥረት አልነበረም። አንድ ነርስ ነገሩ ከመጋለጡ በፊት ለአለቆቹም ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም አመልክቶ ሰሚ አላገኘም። መንግሥት በእንደዚህ ያሉ ሆስፒታሎች ያለ አግባብ የተቀመጡትን እስከ 2014 አጋማሽ ወደ መኖሪያ ሰፈር አወጣለሁ ብሎ ቃል ቢገባም ቀኑ ቃሉ ሳይፈጸም አለፈ።

ያ ሆስፒታል ነበር። በሰው ሰፈር ውስጥ የራስን ቤት ይዞ መኖር ከእርሱ እጅግ ይሻላል። ቢሆንም የትንሽ ቤትም በር ይዘጋል፤ ከውስጡ የሚሆነውን ከውጪ ያለ ሰው አያይም።

ታዲያ ቤቱ ጥሩ መሆኑ በምን ይታወቃል? ወላጅ ሊያይ ሲሄድ ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው በወጥ ቤቱና በመጋረጃው ላይ ነው። ንጽሕና መልካም ነው፤ ግን ለጎብኚ ተብሎም ይጸዳል። ይልቅ ማን እንደሚወስን ጠይቁ። የማታውን ምግብ የሚመርጠው ማን ነው? የበሩ ቁልፍ ማን ዘንድ ነው? ሦስቱም ነዋሪዎች ማታ 2 ሰዓት ላይ የሚተኙት እንቅልፋቸው ስለ መጣ ነው ወይስ ሠራተኞቹ ሺፍት ስለሚቀያየሩ? አብሮት የሚኖረውን ሰው ማን መረጠለት? ረዳት ድርጅቱ ባይስማማው ቤቱን ሳይለቅ ድርጅቱን ብቻ መለወጥ ይችላል? ኪራዩና እርዳታው የተለያዩት ለዚህ ነውና የመጨረሻውን ጥያቄ አትዝለሉት። በአንድ ወር ውስጥ ስንት አዲስ ፊት እንደሚመጣም ጠይቁ። መናገር የማይችል ሰው ጭንቅላቱን ግድግዳ ሲመታ ጥርሱን አሞት እንደ ሆነ የሚያውቀው የከረመ ረዳት ነው፤ ትላንት የመጣው «ጠባዩ ነው» ብሎ ይጽፋል።

ጤናውም ብርቱ ጉዳይ ነው። በእንግሊዝ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሕዝብ 20 ዓመት ገደማ ቀድመው ይሞታሉ፤ ከሞቶቹም ብዙዎቹ በጊዜው ቢታከሙ ሊቀሩ የሚችሉ ናቸው። የሆድ ድርቀት እንኳ ይገድላል። ከ14 ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ ሙሉ ምርመራ የማግኘት መብት ስላላቸው መጨረሻ የተመረመረው መቼ እንደ ሆነ ረዳቶቹን ጠይቁ። ቀኑን ካላወቁት ያ ራሱ መልስ ነው።

ሲ.ኪው.ሲ. የሚባለው ተቆጣጣሪ የሚያወጣው ሪፖርት ለማንም ክፍት ነው፤ አንብቡት። ሆኖም ደረጃው የሚሰጠው ለረዳት ድርጅቱ እንጂ ልጃችሁ ለሚኖርበት ቤት አይደለም። አንድ ድርጅት ብዙ ቤቶች ሊኖሩት ይችላል፤ አከራዩን ደግሞ ሲ.ኪው.ሲ. አይቆጣጠርም። ስለዚህ ሳትነግሩ ሂዱ፤ በተለይ ማታ በእራት ሰዓት።

ለእኛ ወላጆች የሚከብደው ሌላ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የመወሰን ችሎታ ሕግ፣ መወሰን አለመቻሉ ካልተረጋገጠ በቀር አዋቂ ሰው ለራሱ ይወስናል ይላል፤ ውሳኔው ለሌላው ሞኝነት ቢመስልም። እናት «እኔ እናቱ አይደለሁም ወይ?» ትላለች። እውነቷን ነው፤ ግን ሕጉ የሚጠብቀው እርሱን ከእርሷ ብቻ አይደለም፤ ነገ ስለ እርሱ ከሚናገር ከማንኛውም ሰው ነው። የዮናታን ልጅ ሜምፊቦስቴ ርስትም አገልጋይም ነበረው። አገልጋዩ ሲባ ስለ ጌታው በዳዊት ፊት የነገረው ታመነና ርስቱ ተወሰደ፤ ሜምፊቦስቴ ራሱ የተጠየቀው ብዙ ቆይቶ ነው። በረዳትነት የምትሠሩ ወገኖች፣ ሐኪም ወይም የካውንስል ሠራተኛ እናንተን እያየ ስለ እርሱ ሲጠይቃችሁ ጥያቄውን ወደ እርሱ መልሱት።

የእኛ ልጆች ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያውቁት የቤቱን አማርኛ ነው። «ውኃ»፣ «አመመኝ»፣ «በቃኝ» የሚሉትን ቃላት በእንግሊዝኛ ፊደልና ትርጉም ጽፋችሁ ለረዳቶቹ ስጡ። ሽሮውም፣ የእሑዱ ጉባኤም፣ እርሱ ከወደደው፣ በእርዳታ ዕቅዱ ላይ በጽሑፍ ይግባ። ያልተጻፈ ነገር ሠራተኛ ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። የጉባኤያችንንም ርዝመት አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ የረዳቱ ሺፍት ስብከቱን አይጠብቅም።

እስከ ዕለተ ሞታችሁ ከጉያችሁ ባታወጡት፣ በሐዘኑ ሳምንት ባዶ ወደ ተገኘው ክፍል ይወሰዳል። አሁን ብትጀምሩ ግን በመጀመሪያ ለሻይ፣ ቀጥሎ ለእራት፣ ቀጥሎም ለአንድ ሌሊት እያለማመዳችሁ፣ ያልተመቸውን እናንተው እያያችሁ ታስተካክላላችሁ። የምትደውሉት ለካውንስላችሁ የአዋቂዎች ማኅበራዊ እንክብካቤ ክፍል ነው። የልጃችሁን ፍላጎት እንዲመዝኑ ጠይቁ፤ እናንተም ተንከባካቢ ናችሁና የራሳችሁ ምዘና ይገባችኋል። አስተርጓሚም እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። እኅቱ እንድታስተረጉም አታድርጉ፤ ስለ ወንድሟ የምትለው የራሷ ነገር ሊኖራት ይችላል።