ይድረስ ያገለገለ ሞተር ለመግዛት ላሰቡ



ይህን የምጽፈው ጥቂት ብር ቋጥሮ፣ ያገለገለ ሞተር ገዝቶ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ያለውን አገር ለማየት ለሚመኝ ሰው ነው። ፍሪሲዮን ጨብጦ አያውቅም። ስልኩ ላይ ያስቀመጠው ፎቶ ግን በሁለት ጎኑ የብረት ሳጥን የታሰረበት ባለ 1200 ሲሲ ቢኤምደብሊው ነው። ያ ሰው እርስዎ ካልሆኑ የእኅትዎ ልጅ መሆኑ አይቀርምና ያንብቡለት።

ትንሹን ይግዙ። ባለ 125፣ ቢበዛ ባለ 200 ሲሲ።

ምክንያቱ መንገዱ ነው። በምዕራብ ጎጃም አስፋልቱ አንድ ክር ነው፤ ከደብረ ማርቆስ መጥቶ ደምበጫን፣ ጅጋን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ማንኩሳንና ቡሬን አያይዞ ወደ እንጅባራ ያልፋል። ቡሬ ላይ አንዱ ተገንጥሎ ዓባይን ይሻገርና ነቀምት ይገባል። በርበሬው የሚቀላበት፣ በቆሎው ሰው የሚውጥበት አገር ግን በአብዛኛው ከዚያ ወጣ ብሎ ነው፤ ቋሪት፣ ሰከላ፣ ደጋ ዳሞት፣ ወንበርማ። እዚያ የሚጠብቅዎ በበጋ ጠጠርና አቧራ፣ በክረምት ዋልካ ነው። ከ200 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሞተር ዋልካ ላይ ሲተኛ ብቻዎን አያነሱትም። መቶ ኪሎ ገደማ የሆነውን ግን ትንፋሽ ሰብስበው ያነሱታል፤ ቢያቅትዎም አንድ እረኛ ይበቃዎታል።

"በትንሽ ሞተር ሩቅ አይኬድም" የሚል አይጠፋም። ጋዜጠኛው ቴድ ሳይመን እ.ኤ.አ. በ1973 ከለንደን ሲነሳ የያዘው ባለ 500 ሲሲ ትራያምፍ ነበር፤ አራት ዓመት ዓለምን ሲዞር ኢትዮጵያንም አቋርጦበታል። ተዋንያኑ ኢዋን ማክግሬገርና ቻርሊ ቡርማን እ.ኤ.አ. በ2007 ከስኮትላንድ ወደ ኬፕታውን ሲወርዱ በአገራችን ያለፉት በእርግጥ በትልልቁ ቢኤምደብሊው ነው። ግን ደጋፊ መኪኖች አብረዋቸው ነበሩ። እርስዎን የሚከተልዎ ማዳበሪያ የጫነ አይሱዙ ነው፤ እሱም ጥሩንባውን እየነፋ።

ለዚህ አገር የሚሆነውን ሞተር መሥሪያ ቤቶች አስቀድመው መርጠውልዎታል። የግብርና ባለሙያው፣ ክትባት የሚያደርሰው የጤና ሠራተኛ፣ የዕርዳታ ድርጅቱ ተቆጣጣሪ ገጠር ለገጠር ሲዞሩ የኖሩት በያማሃ ዲቲ 125፣ በያማሃ ኤጂ 100ና 200፣ በሆንዳ ኤክስኤል 125 ነው። ኤጂ እንዲያውም ለእርሻ ሥራ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ካቴናው በሽፋን ስለተዘጋ ጭቃና አቧራ ቶሎ አይበላውም። አሁን አሁን የህንዶቹ ቲቪኤስና ቦክሰር በዝተዋል፤ ለጠጠሩ ዝቅ ይላሉ እንጂ መለዋወጫቸው ቅርብ ነው። እኔን ከጠየቁኝ፣ ጎበዝ መካኒክ ዘመድ ካለዎት ዲቲውን፣ ከሌለዎት ህንዱን ይያዙ።

የመሥሪያ ቤት ሞተር ሲያረጅ በጨረታ ይወጣል። ማስታወቂያውን በአዲስ ዘመን ወይም በበኩር ጋዜጣ ያገኙታል፤ ሲፒኦ ያሲዛሉ፣ ዋጋዎን በታሸገ ፖስታ ያስገባሉ። ሞተሩ የሚሸጠው ባለበት ሁኔታ ስለሆነ ከወጣ በኋላ ቅሬታ የሚሰማዎት የለም። ብዙዎቹ የሚሸጡት ደግሞ በጅምላ ነው። ነጋዴው አራት አምስቱን አንድ ላይ ያነሳና የአንዱን ሞተር ለሌላው ሻንሲ፣ የሌላውን ቸርኬ ለሦስተኛው ገጥሞ፣ ቀለም ቀብቶ ገበያ ያወጣዋል። ሞተሩ ይሄዳል፤ ሊብሬው ግን ሌላ ነገር ይናገራል።

ስለዚህ ከብረቱ በፊት ወረቀቱን ይመርምሩ። ሊብሬው ላይ የተጻፈውን የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር በጨርቅ ከወለወሉት ብረት ጋር ፊደል በፊደል ያስተያዩ። ቁጥሩ የተፋቀ ወይም እንደገና የተመታ ከመሰለዎት፣ ሻይዎን ሳይጨርሱም ቢሆን ተነስተው ይሂዱ። ከዕርዳታ ድርጅት የወጣ ከሆነ ቀረጡ መከፈሉን ይጠይቁ፤ ከቀረጥ ነፃ የገባ ሞተር ያ ጉዳይ ሳይዘጋ ስሙ ወደ እርስዎ አይዞርም። የአዲስ አበባ ታርጋ ያለው ከቀረበልዎ ፋይሉ ያለው እዚያ ነው። ከተማዋ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ያለ ልዩ ፈቃድ ሞተር እንዳይንቀሳቀስባት ስላገደች ባለቤቱ ለመሸጥ መቸኮሉ አያስገርምም፤ የእሱ ችኮላ ግን የእርስዎ መሆን የለበትም። "ውክልና ልስጥህ፣ ስም ማዛወሩ ቀስ ብሎ ይደርሳል" የሚል ሻጭ ቀስ ብሎ የሚጠፋ ሻጭ ነው። ቦሎው የዘንድሮ መሆኑን ማየትም አይርሱ።

ወደ ብረቱ እንምጣ። ለሻጩ "ሳታሞቀው ጠብቀኝ" ይበሉት፤ ሲደርሱ ሞተሩን በእጅዎ ይንኩት። ሞቆ ከጠበቀዎት ጠዋት ጠዋት የሚያስቸግር ነገር አለው ማለት ነው። ዲቲና ኤጂ 100 ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚያቃጥሉ ስለሆኑ ትንሽ ሰማያዊ ጭስ ባሕርያቸው ነው። ኤክስኤልና ኤጂ 200 ግን ሰማያዊ ከጨሱ ፋሻው አልቋል፤ ሞተሩ ይከፈታል፤ ገንዘብዎም አብሮ ይከፈታል። የፊት ጎማውን ከመሬት አንስተው መሪውን ግራና ቀኝ ያዙሩት፤ መሐል ላይ ያዝ ካደረገዎት የመሪው ኩሽኔታ ተበልቷል። ካንዴላውን ያስፈቱት። ከቆላ የመጣ ሞተር ከሆነ ጥቁር ሆኖ ቢያገኙት አይደንግጡ፤ ቡሬ ወደ 2100 ሜትር ግድም ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። መካኒክ ያስተካክለዋል። በዚህ ከፍታ ማንኛውም ባለ ካርቡሬተር ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚያጣ ዳገት ላይ ቢያለከልክም ሻጩን ሌባ አይበሉት። በሃይላንድ የሚሸጠውን ቤንዚን ግን ይጠርጥሩ፤ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ያጋጥማል።

ስለ ዋጋ አልጽፍም፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዛሬ የጻፍኩት ደብዳቤው ሳይደርስዎ ያረጃል። አንድ ዘዴ ግን አለ። ሞተሩን ከማየትዎ በፊት ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም መለዋወጫ ሱቅ ገብተው የሚያስቡት ሞተር የፍሪሲዮን ሸራ፣ የፍሬን ሸራ፣ ካቴናና ፋሻ መኖሩን ይጠይቁ። ባለሱቁ "ከአዲስ አበባ ላስመጣልህ" ካለ የዚያን ሞተር ዋጋ በልብዎ ዝቅ ያድርጉት።

በአማራ ክልል የተነሳውን ጦርነት ዘልዬ ባልፍ ይህ ደብዳቤ ውሸት ይሆናል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በተከተለው ነሐሴ 7 ቀን ፍኖተ ሰላም በደረሰባት የአየር ጥቃት ልጆቿን ቀበረች። አዋጁ በግንቦት 2016 ዓ.ም. መጨረሻ አበቃ፤ ውጊያው ግን በዚያ ቀን አላበቃም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ከገጠር መንገድ ድንገት ብቅ የሚል ሞተር የሁሉንም ወገን ዓይን ይስባል። ስለዚህ በዚያ ሰሞን ሞተር መንዳት ተፈቅዶ እንደሆነ፣ እስከ ስንት ሰዓት፣ የትኛው መንገድ ክፍት እንደሆነ ሳይጠይቁ አይውጡ። መንጃ ፈቃድዎና ሊብሬዎ ኪስዎ ውስጥ ይሁኑ፤ ኬላ ከሩቅ ሲያዩ ፍጥነት ይቀንሱ፣ ፊትዎን ይግለጡ። አይሆንም ከተባለ ሞተሩ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ ይቁም። ብረት ይጠብቃል።

መማሩ ግን ሰፊ መንገድ አይጠይቅም። የትምህርት ቤት ሜዳ፣ ገበያ በሌለበት ቀን የገበያ ቦታ፣ አዝመራው የተነሳለት ማሳ ይበቃል፤ ባለማሳውን ማስፈቀድ እንዳለ ሆኖ። መጀመሪያ ነዳጅ ሳይሰጡ ፍሪሲዮኑን ብቻ ቀስ እያሉ ለቀቅ ያድርጉ፤ ሞተሩ ወደ ፊት ሊሄድ ሲል የሚሰማዎትን ያችን ቦታ ጣትዎ እስኪያውቃት ይደጋግሙ። ከርሷ በፊት ማርሽ መቀያየር መማር ከንቱ ነው፤ ሞተሩ ይጠፋል ወይም ይዘላል። ቀጥሎ ሜዳው ላይ ሁለት ድንጋይ አስቀምጠው በአንደኛ ማርሽ ስምንት ቁጥር ይዙሩ። ዓይንዎ ድንጋዩ ላይ ከተተከለ ድንጋዩን ይመታሉ፤ ዓይን ከሄደበት ጎማ ይከተላልና መውጫውን ይዩ። ፍጥነት ሲጨምሩ ጀማሪን የሚያደናግር ነገር አለ፤ ወደ ቀኝ ለመታጠፍ የቀኙን እጀታ ወደ ፊት ገፋ ያደርጋሉ። ሞተሩ ያዘነብልና ይታጠፋል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ይመስላል፤ ብስክሌትም ቢሆን እንዲሁ ነው የሚታጠፈው፣ ሳናውቀው ስለምናደርገው ነው እንጂ።

ፍሬን ላይ ብዙ ጎረምሳ የተሳሳተ ትምህርት ወስዷል። "የፊቱን አትንካ፣ ይገለብጥሃል" ይሉታል። ደረቅ አስፋልት ላይ ሞተሩን በዋናነት የሚያቆመው የፊቱ ፍሬን ነው፤ የሚገለብጠው በድንገት ሲጨመቅ ነው። ጠጠርና ጭቃ ላይ ሲሆን የኋላውን ያስቀድሙ፣ የፊቱን በሁለት ጣት ብቻ ይንኩት። ቁልቁለት ሲወርዱ ማርሽ አይፍቱ፤ ሞተሩ ራሱ ይያዝልዎ። ቤንዚን ለመቆጠብ ፈትቶ የሚወርድ ሰው የቆጠበውን ለወጌሻ ይከፍላል።

ከሜዳው አስፋልት ሲወጡ ከሰው ይልቅ አህያውን ይፍሩ፤ ሰው ጥሩንባ ይሰማል። የፈረስ ጋሪው ያለ መብራት ነው፤ በመኸር ጊዜ መንገዱ ዳር እህል ይሰጣል፣ በርበሬ ይነጠፋል። ሲኖትራክ ሲያልፍዎ ነፋሱ መጀመሪያ ይገፋዎታል፣ ቀጥሎ ይስብዎታል፤ እጅዎን ሳያደርቁ ጉልበትዎን ሰልባትዮው ላይ ጠበቅ ያድርጉ።

ስለ ሕጉ በአጭሩ፦ የሞተር ብስክሌት መንጃ ፈቃድ የራሱ ምድብ ነው፤ ጉዳዩ የሚገዛው በአዋጅ ቁጥር 1074/2010 ነው። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው፤ ያለ እሱ አንድ አዛውንት ቢገጩ ሽማግሌ ፊት የሚቀርበው የአባትዎ በሬ ነው። ሄልሜት ደግሞ የብዙ አገር ጥናቶች ተሰብስበው ሲመዘኑ የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ይቀንሳል። ከኋላዎ ለሚቀመጠውም ይግዙለት። መሪው ላይ ተንጠልጥሎ የሚሄድ ሄልሜት የሚጠብቀው መሪውን ነው።

ለመጀመሪያ ጉዞ የምመርጥልዎ የዓባይ መነሻ ምንጭ ያለበትን ግሽ ዓባይን ነው። መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቀው ከጥቅምት በኋላ በበጋ ይውጡ። ከፍኖተ ሰላም በቡሬ በኩል ጢሊሊ ድረስ አስፋልት ነው፤ ቡሬ ላይ ጎማዎንና ካቴናዎን ያዩታል፣ ቤንዚን ከማደያ ይሞላሉ። ጢሊሊ ላይ ከዋናው መንገድ ወደ ቀኝ ተገንጥለው ወደ ሰከላ ይወጣሉ፤ አየሩ እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ ጃኬትና ጋቢ ይያዙ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1770 እዚያ ለመድረስ ብዙ ወራት ፈጅቶበታል፤ እርስዎ ማልደው ከተነሱ ከቀትር በፊት ይደርሳሉ። ሞተሩን ከጸበሉ ራቅ አድርገው ያጥፉት፣ ጫማዎን ያውልቁ። ምንጩ ዘንድ የሚገባው ሳይበሉ ነው፤ ስለዚህ ቡሬ ላይ ቁርስ እንዳያታልልዎ። ስንቅዎን ከኋላ ጠበቅ አድርገው ይሰሩት፣ ሲመለሱ ጢሊሊ ላይ ይበሉታል።