ድምፅ ማጉያው ያልደረሰው ልጅ

የምግብ ዘይት ልናስተዋውቅ ወደ ምሥራቅ ጎጃም ወጥተን ነበር። የዓባይን በረሃ ወርደን ወጣን፣ ደጀንን አለፍን፣ በገበያ ቀን ቢቸና ገባን። አሠራራችንን ታውቁታላችሁ፦ መኪና ላይ የተጫነ ትልቅ ስፒከር፣ ቲሸርት፣ የጭፈራ ውድድር። ጆሮ ካለ ደንበኛ አለ ብለን ነው የምንነሳው።

አንድ ስምንት ዓመት የሚሆነው ልጅ ሁለት እጁን ስፒከሩ ላይ ለጥፎ ቆመ። ጆሮውን ያሳምመዋል ብዬ ራቅ እንዲል ብነግረው ዘወር እንኳ አላለም። ከወዲያ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት፣ “ተይው እታለም፣ አይሰማም። እጁን ሲነዝረው ነው ደስ የሚለው” አለችኝ።

እናቱ ነበረች። በሦስት ዓመቱ ኃይለኛ ትኩሳት ይዞት ከዚያ ወዲህ መስማት አቆመ። ጠበል ወስዳዋለች። አንድ ትምህርት ቤት አስመዝግባውም ነበር፤ ከኋላ ወንበር ላይ ሦስት ወር ተቀምጦ ተመለሰ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ “አዲስ አበባ የነሱ ትምህርት ቤት አለ ይሉኛል። ግን የፈረንጅ ሃይማኖት ነው፣ ልጅሽን ይወስዱብሻል ይላሉ። እውነት ነው?” ስትል ጠየቀችኝ።

መልስ አልነበረኝም። በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ ስንጓዝ ባልደረቦቼ ስለ ሽያጭ ያወራሉ፣ እኔ ግን ሐሳቤ እዚያው ሽንኩርቱ ዘንድ ቀርቷል።

ተመልሼ ሳነብ የሰማችው ግማሹ እውነት ሆኖ አገኘሁት። በአገራችን የመስማት የተሳናቸው ልጆች ዘመናዊ ትምህርት የጀመረው በሚሲዮናውያን ነው። የመካኒሳውን ትምህርት ቤት በ1950ዎቹ የከፈቱት ከአሜሪካ የመጡ የክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው። የሆሳዕናውን ደግሞ በ1970ዎቹ መጀመሪያ መካነ ኢየሱስ ጀመረችው፤ ልጆቹ እዚያው እያደሩ ይማራሉ።

በአፍሪካ ደረጃ ካየነው ደግሞ አንድሪው ፎስተር የሚባል ሰው አለ። እ.ኤ.አ. በ1925 አላባማ የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በ11 ዓመቱ ማጅራት ገትር የመስማት ችሎታውን ወሰደበት። (ኢትዮጵያም በአፍሪካ የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ናት፤ የልጆቻችሁን ትኩሳት አትናቁ።) በ1954 ከጋላውዴት ኮሌጅ በዲግሪ የተመረቀ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ፣ በ1957 ጋና ገባ፣ በ1987 ሩዋንዳ ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ እስኪሞት ድረስ በአህጉሪቱ ከ30 በላይ ትምህርት ቤቶች ከፈተ። ወንጌል ሊሰብክ እንደመጣ አልደበቀም።

የማርኬቲንግ ሰው ነኝና በነጻ የሚሰጥ ነገር ሳይ ከጀርባው ምን እንዳለ እጠይቃለሁ። የእናትየው ፍርሃት ለእኔ አላዋቂነት አይደለም። ፊደልና ስብከት በአንድ እጅ ሲመጡ፣ ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ አንዱን ከሌላው ሊለይ አይችልም።

ነገር ግን እኛስ የት ነበርን? ቢቸና አጠገብ ዲማ ጊዮርጊስ አለ። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፣ ዓይነ ስውር መምህራን ተከብረው ወንበር ዘርግተው ያስተማሩበት። ማየት ለተሳነው ቦታ ነበረን፣ ምክንያቱም ትምህርቱ በቃል ነው፤ ሰምና ወርቁ የሚለየው በጆሮ ነው። የማይሰማው ልጅ ግን በዚያ ሁሉ የቃል ሀብት መካከል በረት ጠባቂ ሆኖ ቀረ።

ደስ ያለኝ ሌላ ነገር ነው። ሚሲዮናውያኑ የአሜሪካንን ምልክት ይዘው መጡ፤ አሁንም በቋንቋው ውስጥ አሻራው አለ። በ1960ዎቹ ግን የእኛው ፊደል በጣት ተሠራለት። ለእያንዳንዱ ፊደል የእጅ ቅርጽ አለው። ካዕቡ፣ ሣልሱ፣ ራብዑ የሚለየው በእጅ እንቅስቃሴ ነው። ሀ ሁ ሂ በጣት ይቆጠራል! ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያን ምልክት ቋንቋ በዲግሪ ያስተምራል። በክልሉ ትልልቅ ከተሞችም በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ውስጥ ልዩ ክፍሎች አሉ።

ችግሩ ጊዜው ነው። ልጅ ቋንቋ በቀላሉ የሚይዘው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው፣ በጆሮም ይሁን በዓይን። የቢቸናው ልጅ ስምንት ዓመቱ ነው፤ እስካሁን ያለው ቋንቋ እሱና እናቱ ብቻ የሚግባቡባቸው ጥቂት ምልክቶች ናቸው።

በጎረቤቷ ስልክ ደወልኩላት። ያነበብኩትን ሳልቀንስ ነገርኳት፦ የቤተ ክርስቲያን የሆኑት የትኞቹ እንደሆኑ፣ አዳሪ የሆነው እንዳለ፣ የመንግሥት ልዩ ክፍል ከመረጠች ደግሞ ቤት ተከራይታ አብራው ባሕር ዳር መኖር ሊኖርባት እንደሚችል። የምትፈራው ሃይማኖቱን ይሆናል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። እሷ ግን፣ “እሱ በእጁ ማውራት ሲማር እኔስ? እኔንም ያስተምሩኛል?” አለችኝ።

ይህንን አላሰብኩበትም ነበር። አዳሪ ቤት ገብቶ በዓመት አንዴ የሚመለስ ልጅ ቋንቋ ይዞ ይመጣል፣ የሚያወራው ሰው ግን ቤቱ የለም። እሷ ቀድማኝ አይታዋለች።

ባሕር ዳር አንድ ክፍል ቤት በወር ስንት እንደሚከራይ እንድጠይቅላት ነገረችኝ። አጣርቼ በሳምንቱ ደወልኩና ነገርኳት። ረጅም ጊዜ ዝም አለች፤ ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

“ሽንኩርት እዚያም ይሸጣል አይደል?” አለችኝ።