የቤተ መጻሕፍቱ በር

ባለፈው ሳምንት ስለ ደብዳቤ አጻጻፍ ጽፈን ነበር። ዛሬ ስለ ቤተ መጻሕፍት እንጫወት።

ኮልፌን ታውቁት ይሆናል። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ነው። ዛሬ ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ይባላል። አጠና ተራ ቆማችሁ ብታዳምጡ አማርኛ፣ ጉራግኛ፣ ስልጥኛ፣ ኦሮምኛ ትሰማላችሁ። ሻጭና ገዢ በየቋንቋቸው ይጨቃጨቃሉ፤ ይግባባሉም። ገበያው ማንንም አይመልስም።

ቤተ መጻሕፍትስ?

አንድ የገጠር አባት ልጃቸውን ለመጠየቅ ኮልፌ መጡ እንበል። ማንበብ የተማሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው። ዘመቻው በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ሲጀመር በ5 ቋንቋዎች ነበር። ኋላ 15 ደረሰ። ኦሮምኛውም፣ ወላይትኛውም፣ ሶማልኛውም የሚጻፈው በግዕዝ ፊደል ነበር። እኚህ አባት በዚያ ፊደል ኦሮምኛ አንብበዋል።

አሁን ልጃቸው ቤተ መጻሕፍት ይዟቸው ገባ። የኦሮምኛ መጽሐፍ ተሰጣቸው። ገለጡት። አንድም ቃል አልገባቸውም። ለምን? ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ኦሮምኛ የሚጻፈው ቁቤ በሚባለው በላቲን ፊደል ስለሆነ ነው። ወላይትኛና ሲዳምኛም እንዲሁ ተለውጠዋል። ቋንቋው የእሳቸው ነው፤ ፊደሉ ግን እንግዳ ሆነባቸው።

ሽማግሌው ምን ይላሉ? «ረሳሁት መሰለኝ» ብለው አፍረው ይወጣሉ። አልረሱትም እኮ! ይህን ሊነግራቸው የሚገባ ማን ነው? በር ላይ ያለው ሠራተኛ ነው።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 ሁሉም ቋንቋዎች እኩል እውቅና አላቸው ይላል። ሕጉ ጥሩ ነው። ነገር ግን ሕግ መደርደሪያ ላይ መጽሐፍ አያስቀምጥም። ስለዚህ እኛ የምንለው፦ በዘመቻው ጊዜ የታተሙት መጻሕፍት አርጅተዋል ተብለው አይጣሉ። ከአዲሶቹ ጎን ይቀመጡ። የቁቤ ገበታም ግድግዳው ላይ ይሰቀል። በሩ ላይ ከአማርኛው «እንኳን ደህና መጣችሁ» ሥር «በጋ ነጋን ዹፍተን» ተብሎ በሁለቱም ፊደል ይጻፍ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። እኛ አዲስ አንባቢዎች ድምፅ ሳናሰማ ማንበብ ያቅተናል። ከንፈራችን ይንቀሳቀሳል። ከተማ ውስጥ ደግሞ «ዝም በሉ!» ይባላል። ለብቻው አንድ ክፍል ቢኖር፣ ልጅየው ቁቤውን እያነበበ አባቱ ይሰሙ ነበር። ቀጥሎም አባት በፊደሉ እያነበቡ ልጅ ይሰማ ነበር።