ድንጋዩ ሳያልቅ አፈሩ አለቀ

ባለፈው ሳምንት «አፈር» የሚለውን ቃል አብረን ጽፈናል። ሦስት ፊደል ብቻ ነው። ዛሬ ስለ ራሱ ስለ አፈር እናነባለን።

ክፍል ውስጥ «አፈር ከድንጋይ ይወለዳል» ብዬ ነበር። ቀን ፀሐይ ድንጋዩን ታሞቀዋለች። ሌሊት ብርድ ያኮማትረዋል። ዝናብ ይገባበታል። የዛፍ ሥር ይሰነጥቀዋል። ድንጋዩ ይፈረካከሳል፤ ይደቃል። ከብስባሽ ቅጠልና ከፍግ ጋር ተዋህዶ አፈር ይሆናል። ይህን ሁሉ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዬ ኮራ ብዬ ቆምሁ።

ከኋላ የተቀመጡ አንድ እናት እጃቸውን አነሡ። ሁላችንም አዴ እያልን ነው የምንጠራቸው።

«አንተ ልጅ» አሉኝ፤ «ድንጋይ አፈር የሚሆን ከሆነ የእኔ ማሳ ድንጋዩ መች አለቀ? አፈሩ ነው እንጂ ያለቀው!»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። መልስ ግን አልነበረኝም።

የአዴ ማሳ ከአዳማ በስተምዕራብ ነው። በነፋስ መብራት የሚያመነጩት ረጃጅም ማማዎች ከቆሙበት ጋራ ሥር፣ ተዳፋት ላይ። ባለፈው ዓመት በላይኛው ማሳ ጤፍ ዘርተው ነበር። ያገኙት ለዘር ያወጡትን እንኳ አልመለሰም። ልጃቸው «ዘንድሮ ከዚያ ከፍ ብለን፣ ቁጥቋጦውን መንጥረን እንረስ» ይላል። አዴ ገና አልወሰኑም። ስለዚህ ጥያቄያቸው የሳቅ ጥያቄ አልነበረም።

በማግሥቱ ዶማ ይዘን ወጣን። ሦስት ቦታ ቆፈርን። ከላይ፣ አራት ጣት ያህል እንደገባን ዶማው ድንጋይ መትቶ ጮኸ። መካከል ላይ አንድ ስንዝር ሆነ። ከግርጌው፣ ሜዳው ከሚጀምርበት፣ ክንድ ሙሉ ቆፍረን ድንጋይ አላገኘንም። አዴ ከታችኛው ጉድጓድ አፈር ዘግነው አሸተቱ። «ይኸ የእኔ ነው» አሉ። የታችኛው ማሳ ግን የሌላ ሰው ነው።

ከላይኛው ጉድጓድ ያወጣነውን ድንጋይ ይዘን ወደ ቤታቸው ገባን። ነጣ ያለ፣ ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ነው። ብሎኬት ሠሪዎች ፑሚስ ይሉታል። በባልዲ ውኃ ላይ ጣልነው። ተንሳፈፈ! ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔ ደግሞ ከኪሴ ሌላ ድንጋይ አወጣሁ። ከአገሬ ከወለጋ ያመጣሁት ነው። ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ከመጠኑ በላይ ይከብዳል። ጣልሁት። ጭልጥ ብሎ ሰጠመ።

ሁለቱም ድንጋይ ናቸው። የተወለዱበት ግን ለየብቻ ነው።

የአዳማው ድንጋይ የእሳተ ገሞራ ልጅ ነው። ቦኩ፣ ገደምሳ፣ ቦሰት፣ ፈንታሌ የምንላቸው ተራሮች በየዘመናቸው እሳት የተፉ ናቸው። ፈንታሌ ቅልጥ ድንጋይ ካፈሰሰ 200 ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው። በአፋር ደግሞ ሀይሊ ጉቢ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ፈንድቶ አመዱ ባሕር ተሻግሮ የመንና ህንድ ደርሷል። ቅልጡ ድንጋይ ውስጡ ጋዝ አለበት። ሲወጣ እንደ ጠላ አረፋ ይኩረፈረፋል። አረፋው እንዳለ ሲደርቅ ፑሚስ ይሆናል። የሚንሳፈፈው ስለዚህ ነው። አመዱም እንደ ዱቄት ተከምሮ፣ በራሱ ሙቀት ተጋግሮ ድንጋይ ይሆናል። ከዚህ የሚወለድ አፈር ቀላል ነው። ለማረስ አያስቸግርም። ግን ውኃ ቶሎ ያነሣዋል፤ በበጋም ነፋስ ይወስደዋል። (በነገራችን ላይ፣ በወንጂና በስምጥ ሸለቆው የብዙ ሰው ጥርስ የሚበልዘው ውኃው ፍሎራይድ ስለሚበዛበት ነው። ፍሎራይዱም የሚመጣው ከዚሁ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ድንጋይ እኛም ውስጥ ይገባል።)

የወለጋው ድንጋይ ከምድር ጥልቅ፣ ከታች ከሥር ወጥቶ የመጣ ነው። ብረትና ማግኒዚየም የሚባል ማዕድን ሞልቶታል። ከጊምቢ አልፎ ዩብዶ የሚባል ቦታ አለ። ከዚህ ዓይነት ድንጋይ ከተሸረሸረው ቀይ አፈር ውስጥ ከ1910ዎቹ ጀምሮ ፕላቲነም ታጥቦ ወጥቷል። ፕላቲነም ውድ ነው። እዚያው ያለው የብርብር ወንዝ ስሙን ለአንድ የድንጋይ ዓይነት ሰጥቷል። የዓለም የድንጋይ ተመራማሪዎች «ብርብራይት» ይሉታል። የእኛ ወንዝ ስም ነው!

በወለጋ ቱሉ ዲምቱ የሚባል ኮረብታም አለ፤ ዙሪያው ይኸው ድንጋይ ነው። ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። እንዲህ ያለ አፈር የሚቀላው በድንጋዩ ውስጥ የነበረው ብረት ሲዝግ ነው። የዛገ ምስማር አይታችሁ የለ? እንደዚያ ነው።

ይህ ድንጋይ ሲፈርስ አብዛኛው ይሟሟና ውኃ ይዞት ይሄዳል። ለአፈርነት የሚቀረው ጥቂት ነው። ስለዚህ በገደላማ ተራራ ላይ አፈሩ ስስ ይሆናል። በዚያ ላይ ማግኒዚየሙ ይበዛል፣ ሰብል የሚፈልገው ካልሲየም ያንሳል፣ ኒኬል የሚባል ብረትም አለበት። ብዙ ተክል አይስማማውም። የለመዱት ግን አሉ። ኒው ካሌዶኒያ በምትባል ሩቅ ደሴት አንድ ዛፍ አለ። ቢበጡት የሚወጣው ፈሳሽ ሰማያዊ አረንጓዴ ነው። ከአፈሩ የጠጣው ኒኬል ነው።

አዴ ይህን ሰምተው «እንግዲያ የእኔ ይሻላል» አሉ። ልክ ናቸው። የእርሳቸው ድንጋይ ለሰብል የማይስማማ አይደለም። ችግሩ ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄያቸው እንመለስ። ድንጋዩ ሳያልቅ አፈሩ ለምን አለቀ? አፈር መወለዱ እውነት ነው። ነገር ግን አንድ ሳንቲ ሜትር አፈር ለመወለድ ከመቶ እስከ ሺህ ዓመት ይፈጃል። አንድ ሳንቲ ሜትር ከትንሿ ጣት ጥፍር ስፋት ብዙ አይበልጥም። አፈር ሲሄድ ግን ይሮጣል። ሀንስ ሁርኒ የተባሉ የስዊስ ተመራማሪ በ1970ዎቹ ዓ.ም. በአገራችን የአፈርን መሸርሸር አስለክተው ነበር። ከሚታረስ መሬት በአማካይ ከአንድ ሄክታር በዓመት 42 ቶን አፈር ይሄዳል ብለው ገመቱ። ይህም በውፍረት 4 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ተዳፋት ላይ ከዚህ ሊበልጥ ይችላል።

እስቲ እናስላ። አራት ጣት 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ማለት 80 ሚሊ ሜትር። 80ን ለ4 እናካፍል። 20 ይሆናል። ሃያ ዓመት! ያው 8 ሳንቲ ሜትር ለመወለድ ግን ቢያንስ 800 ዓመት ይፈልጋል። ስሌቱን ሰሌዳ ላይ የሠሩት አዴ ራሳቸው ናቸው። ማካፈል የተማሩት በዚህ ወር ነው። ቁጥሩን ከጻፉ በኋላ ጠመኔውን ይዘው ትንሽ ቆሙ።

ጎርፉ ደቃቁን ይዞ ይወርዳል። ድንጋዩ ከባድ ስለሆነ ይቀራል። ስለዚህ በየዓመቱ ድንጋዩ የበዛ ይመስላል። አልበዛም፤ ልብሱ ተገፎ ነው። አዳማ ከተማ በጋራ የተከበበች ስለሆነች የክረምቱ ጎርፍ ወደ እርሷ ነው የሚወርደው። አስፋልት ላይ ተዘርግቶ ሰው በአካፋ የሚዝቀው ደለል የአንዳንድ ገበሬ ማሳ ነው።

በደቡብ የኮንሶ ሰዎች በተራራ ላይ ያርሳሉ። እነርሱ ድንጋዩን ጠላት አላደረጉትም። ለቅመው ካብ ካቡት። ከካቡ ጀርባ አፈሩ ይቀመጣል፤ ውኃውም ይሰርጋል። ይህን ሲሠሩ ከ400 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። እርከናቸው በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ይህን ለአዴ ልጅ ነገርሁት። ጥሩ አዳምጦኝ ሲያበቃ «ካቡ አፈር እስኪይዝ ምን እንበላለን?» አለኝ። ለዚህም መልስ አልነበረኝም። እኔ ደብተር ይዤ የመጣሁ ተማሪ ነኝ፤ እርሱ አምስት ሰው ያበላል።

አዴ ግን ወሰኑ። ቁጥቋጦው አይመነጠርም። አራት ጣቱ ቦታ ዘንድሮ አይታረስም፤ ሣር ይብቀልበት፣ ሣሩ ታጭዶ ለላሟ ይሁን አሉ። ስንዝሩ ቦታ ላይ ድንጋዩን እየለቀሙ ካብ ጀምረዋል። ልጁ እያጉረመረመም ቢሆን ትልልቁን ድንጋይ የሚሸከመው እርሱ ነው። እስከ ትናንት ድረስ ካቡ 30 እርምጃ ደርሷል። ክረምት ሊገባ ጥቂት ሳምንት ቀርቶታል።

እናንተም ዶማ ያዙና ማሳችሁን ሦስት ቦታ ቆፍሩ፤ ከላይ፣ ከመካከል፣ ከታች። ድንጋይ እስክታገኙ ስንት ሆነ? አራት ጣት? ስንዝር? ክንድ? ሦስቱንም በደብተራችሁ ጽፋችሁ ሰኞ ይዛችሁ ኑ። ከየጉድጓዱም አንድ አንድ ድንጋይ አምጡ። ባልዲውን እኔ አዘጋጃለሁ።