የአካባቢ ሳይንስ ተመራቂው ሥራ የት ነው?



በዚህ ወር የምናነሳው ጉዳይ በአዲሎ፣ በዱራሜና በሆሳዕና ብዙ ቤት የገባ ነው። ልጅ በአካባቢ ሳይንስ ተመርቆ ዲግሪውን ይዞ ይመጣል። ወላጅም ወረዳው የሥራ ማስታወቂያ እስኪያወጣ ይጠብቃል። አንድ ዓመት ያልፋል፤ ሁለተኛው ይከተላል። ከዚያ በኋላ በቤት ውስጥ የሚሰማው «ደቡብ አፍሪካ» የሚለው ወሬ ነው። ለደላላው የሚከፈለው ገንዘብ ደግሞ ከከብት ሽያጭና ከብድር ይሰበሰባል። መንገዱ ምን እንደሚያስከትል የሰማነው ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ፣ ቴቴ በተባለው ክፍለ ሀገር አንድ የጭነት መኪና ሲፈተሽ 64 ኢትዮጵያውያን በኮንቴይነር ውስጥ ታፍነው ሞተው ተገኝተዋል።

ስለዚህ ቤተሰብ ገንዘቡን ለደላላ ከመቁጠሩ በፊት፣ ይህ ትምህርት የት የት ሊያሠራ እንደሚችል ከልጁ ጋር ቁጭ ብሎ መመርመር ይገባዋል።

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። ነርስ ስትመረቅ ጤና ጣቢያ እንዳለላት ሁሉም ያውቃል። የአካባቢ ሳይንስ ግን እንዲህ ያለ አንድ የታወቀ ቤት የለውም። ውሃ፣ አፈር፣ ደንና ቆሻሻ ባለበት ሁሉ ሥራው አለ፤ መጠሪያው ግን ይለያያል። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የዲግሪውን ስም ብቻ የሚፈልግ ተመራቂ ብዙ በር ሳያንኳኳ ያልፋል።

አንዱን በር የከፈተው ሕግ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299፣ ትላልቅ ሥራዎች ከመጀመራቸው በፊት በአካባቢ ላይ የሚያደርሱት ጉዳት እንዲጠና ግዴታ አደረገ። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ ብክለትን ለመቆጣጠር የታወጀ ነው። ጥናቱን አማካሪ ድርጅቶች ያዘጋጃሉ፤ የፌዴራልና የክልል የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች ይመረምሩታል። ፋብሪካው ሥራ ከጀመረም በኋላ ፍሳሹን እየለካ የሚከታተል ሰው ያስፈልጋል። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ቆሻሻ ውሃው ወደ ሐይቁ እንዳይገባ አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀምበት ሆኖ የተሠራ ነው። እንዲህ ያለው ማጣሪያ ያለ ባለሙያ አይሠራም።

ሩቅ ሳንሄድ የከምባታን እሸት ቡና መፈልፈያዎች እንመልከት። ከዚያ የሚወጣው ውሃ ስኳርና አሲድ የበዛበት ነው። ወንዝ ውስጥ ሲለቀቅ ጥቃቅን ተህዋስያን እያብላሉት በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ከታች የሚቀዳው ሰውና የሚጠጣው ከብት ይጎዳሉ። ፍሳሹን በጉድጓድ አቁሮ ማጣራትና ገለፈቱን ወደ ኮምፖስት መለወጥ ተመራቂው የተማረው ሙያ ነው። ሁለት ሦስት ተመራቂዎች ተደራጅተው ለመፈልፈያዎቹ ባለቤቶች ይህን አገልግሎት ማቅረብ ይችላሉ።

ሌላው በር የተራቆተ መሬት ነው። በወላይታ ሁምቦ ወረዳ፣ ወርልድ ቪዥን ከሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ጋር ሆኖ 2,728 ሔክታር ተራራማ መሬት ከልሏል። ሥራው በአብዛኛው አዲስ ችግኝ መትከል አልነበረም፤ በመሬት ውስጥ የቀሩትን ጉቶዎች እንዲያቆጠቁጡ መጠበቅና መግረዝ ነበር። በ2002 ዓ.ም. በዓለም አቀፍ የካርቦን ሥርዓት ተመዘገበ፤ የዓለም ባንክ ፈንድም ካርቦኑን ገዛ። ለዚህ ሽያጭ የናሙና ቦታ መርጦ የዛፉን ውፍረት የሚለካ፣ ካርቦኑን የሚያሰላና ሪፖርት የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል። በቢላቴ ተፋሰስ ቦረቦር እርሻ በሚቆርስበት አገር ይህ ሙያ እንግዳ ሊሆን አይገባም።

የከተማ ቆሻሻም አለ። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ቆሻሻ ያለ ጥናት ሲከመር የሚያመጣው ይህን ነው። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ደግሞ አንዴ ተጠቅመን የምንጥለውን የፕላስቲክ ከረጢት ከልክሏል። ዘንቢልና የጨርቅ ከረጢት መሥራት፣ ቆሻሻን ለይቶ መሰብሰብ፣ የሚበሰብሰውን ኮምፖስት ማድረግ በትንሽ መነሻ የሚጀመሩ ሥራዎች ናቸው።

ወጣቶች ሆይ፣ ዲግሪ ብቻውን በቂ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግዴታ ሆኗል። ከዚያም በላይ ቀጣሪ የሚጠይቀው «ምን መሥራት ትችላለህ?» ብሎ ነው። የውሃ ናሙና ወስዶ መመርመር፣ በጂፒኤስ ቦታ መዝግቦ በኮምፒውተር ካርታ ማውጣት፣ ጥርት ያለ ሪፖርት በአማርኛና በእንግሊዝኛ መጻፍ እነዚህ ሦስቱ ይቅደሙ። ሥራ እስኪገኝ ቁጭ ከማለት የመንደራችሁን ምንጭ ወይም ቦረቦር ለስድስት ወር እየለካችሁ መዝግቡ። ሥራ ስትጠይቁ ያንን መዝገብ ከዲግሪው ጋር አቅርቡ።

ወላጆች ሆይ፣ የወረዳ መደብ ጥቂት ስለሆነ ሥራው በአንድ ወር ካልተገኘ ልጁ ሰነፍ ነው አትበሉ። ለጉዞ ሊወጣ ከታሰበው ገንዘብ ጥቂቱን ለኮምፒውተር ሥልጠና ወይም ለችግኝ ማፍያ አውሉት። ሴት ልጃችሁም በዚህ ሙያ ተመርቃ ከሆነ «መስክ መውጣት ለሴት ይከብዳል» ብላችሁ ዲግሪዋን ሣጥን ውስጥ አትቆልፉባት። ላቦራቶሪው፣ የጥናት ቢሮውና ማስተማሩ አለላት። ውሃ የምትቀዳውን እናት ችግር ጠይቆ ለመረዳትም ከእርሷ የተሻለ የለም።

አላህ ልጆቻችንን በአገራቸው ሐላል ሲሳይ ይወፍቃቸው። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም።