የመረጃ ቋት ሲዛወር ስለሚደርሰው መዘግየት

በሳሪስ ከሚገኙት አስመጪዎችና ባለመደብሮች ብዙዎቹ ባሕር መዝገባቸውን ትተው የሽያጩንና የዕቃውን ሒሳብ በኮምፒውተር መያዝ ከጀመሩ ሰንብተዋል። ዛሬ ደግሞ ሁለተኛው ዝውውር ደርሶባቸዋል፤ ይኸውም ከአንዱ የመረጃ ቋት ወደ ሌላው፣ ለምሳሌ ከማይኤስኪውኤል ወደ ፖስትግሬስ፣ መሸጋገር ነው።

በዝውውሩ ማግሥት የሚሰማው አቤቱታ ከመደብር መደብር አይለይም። ደንበኛው ቆሞ የቀረበትን ዕዳ ወይም በመጋዘን ያለውን የቆርቆሮ ብዛት ሲጠይቅ፣ ቀድሞ በቅጽበት ይገኝ የነበረው መልስ ደቂቃዎችን ይፈጃል፤ ደንበኛውም ወደ ጎረቤት መደብር ይሻገራል። ባለሙያ ሲጠየቅ «ሰርቨሩ አንሷልና ትልቅ ይገዛ» ይላል። የውጭ ምንዛሪ ወረፋ ምን እንደሆነ ለሚያውቅ አስመጪ እንዲህ ያለው ምክር ሳይመረመር ሊዋጥ አይገባውም።

ማውጫ በሌለው መዝገብ አንድ ስም የሚፈልግ ጸሐፊ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ማገላበጡ ግድ ነው። ኮምፒውተሩም እንዲሁ ያደርጋል። በማይኤስኪውኤል የተለመደው ማከማቻ ኢኖዲቢ፣ የሽያጩ ሠንጠረዥ ከደንበኞች ሠንጠረዥ ጋር በውጭ ቁልፍ ሲታሰር፣ ለታሰረው ዓምድ ማውጫውን በራሱ ያበጃል። ፖስትግሬስ ግን በዚያ ዓምድ ላይ ካልታዘዘ በቀር አያበጅም። ስለዚህ ሠንጠረዡ ያለ ጉድለት ተዛውሮ ሳለ ማውጫው በመንገድ ይቀራል፤ የሚያስደንቀውም ማንም አለመሳሳቱ ነው።

ሌላው ምክንያት ግምት ነው። የመረጃ ቋቱ የፍለጋውን መንገድ የሚመርጠው ስለ ረድፎቹ ብዛትና ስርጭት ከያዘው ግምት ተነሥቶ ነው። ከሌላ ቋት በጅምላ ከተጫነ በኋላ «አናላይዝ» የተባለው ትእዛዝ ካልተሰጠ መንገዱን እንደ ዕውር ይመርጣል። በመስከረም 2018 ዓ.ም. የወጣው የፖስትግሬስ 18ኛ እትም ግምቱን ከቀድሞው እትም ይዞ የሚሻገር ቢሆንም፣ ይህ ከፖስትግሬስ ወደ ፖስትግሬስ ለሚያድግ እንጂ ከሌላ ለሚመጣ አይጠቅምም።

እንግዲህ ባለንብረቱ ገንዘብ ከማውጣቱ አስቀድሞ፣ «ኤክስፕሌይን» በሚባለው ትእዛዝ የዘገየው ጥያቄ የሚሄድበት መንገድ እንዲታይለት ይጠይቅ። ሠንጠረዡ በሙሉ የሚነበብ ሆኖ ከተገኘና የሚፈለጉት ረድፎች ጥቂት ከሆኑ፣ ጉድለቱ የማውጫ መሆኑ ይጠረጠራል። ነገር ግን በዓምዱ ሁሉ ላይ ማውጫ መደርደርም ጥፋት ነው፤ እያንዳንዱ አዲስ ሽያጭ ሲጻፍ ማውጫዎቹ ሁሉ ይታደሳሉና የጽሕፈቱ ሥራ ይከብዳል።

በውሉ ላይ ደግሞ አንድ አንቀጽ ሊጨመር ይገባል። ፈተናው በሙሉው የዓመታት መዝገብ እንጂ በጥቂት ናሙና አይደረግ፤ በጥቂት ረድፍ ላይ የማይፈጥን ቋት የለምና። በመደብሩ ዘወትር የሚጠየቁት ጥያቄዎች ከቀድሞው ቋት ባልዘገየ ጊዜ እስኪመለሱ ድረስ የክፍያው መጨረሻ ይቆይ፤ አሮጌውም ቋት አይፍረስ። ዝውውሩን በሰኔ ወር፣ ሒሳብ ሊዘጋና ዕቃ ሊቆጠር ሲል፣ የሚያቅድ ባለሙያ ከመጣ እስከ ነሐሴ እንዲታገሥ ይነገረው።